ከብረት ሽቦ እስከ አልሙኒየም ገመድ፦ የኤሌክትሪክ አስተላላፊዎቻችን መቶ ሠላሳ ዓመታት

በ2002 በለንደን የብረታ ብረት ገበያ አንድ ቶን መዳብ በአማካይ 1,560 ዶላር ገደማ፣ አንድ ቶን አልሙኒየም ደግሞ 1,350 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በ2024 መዳቡ ከ9,000 ዶላር በላይ ሲወጣ አልሙኒየሙ 2,400 ዶላር አካባቢ ላይ ቀርቷል። ያኔ በ15 በመቶ ብቻ ይራራቁ የነበሩት ሁለቱ ብረቶች በ2024 አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ለመሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህን ለውጥ ውጤት ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋው፣ ከምሰሶም ወደየቤቱ ቆጣሪ የሚወርደው ገመድ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። ከቆጣሪው አልፎ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ግን መዳብ ነው። አንድ ቤት መብራት የሚያገኘው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተያይዘው ሲያስተላልፉለት ነው ማለት ነው፤ የዘመናችን ችግርም ያለው እዚያ መያያዣ ላይ ነው።

የአንድ ቁስ አስተላላፊነት በመሠረቱ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው፣ ከአቶሞቻቸው ተላቀው እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች በውስጡ ምን ያህል አሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ከአንድ መሰናክል እስከ ሌላው ምን ያህል ርቀት ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ብዛቱን ብቻ ይቆጥራል፤ አልሙኒየም ግን ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ጥሩ ማስረጃ ነው። በእኩል ይዘት ሲለካ አልሙኒየም ከመዳብ እጥፍ የሚሆኑ ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሆኖም አስተላላፊነቱ ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱም ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ፤ ገበያ መሐል የገባ ሰው ብዙ ቢሆንም መተላለፊያው ከጠበበ ጉዞው እንደሚንቀራፈፈው ነው። በመዳብ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን በክፍል ሙቀት 40 ናኖ ሜትር ያህል ሳይደናቀፍ ይጓዛል፤ ይህም በመቶ የሚቆጠሩ አቶሞችን አልፎ ማለት ነው። የከበረው ብር መዳብን በጥቂት መቶኛ ይበልጣል፣ ወርቅ ከመዳብ 70 በመቶ ያህል ያስተላልፋል፣ ተራ ብረት ደግሞ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የመሰናክሎቹ ምንጭ ሁለት ነው፦ ሙቀትና ባዕድ ነገር። ብረት ሲሞቅ አቶሞቹ ባሉበት አጥብቀው ይርገበገባሉ፤ የመዳብ ተቃውሞ፣ ማለትም የኤሌክትሮኖችን ጉዞ የሚያግደው ጠባዩ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የባዕድ ነገሩን ነገር ዓለም የተማረው በውድ ዋጋ ነው። በ1857 የአትላንቲክ የባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ሲሠራ የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን የቀረቡለትን የመዳብ ሽቦዎች ለካ፤ ስማቸውና መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ከሌላው በእጅጉ ያነሰ ያስተላልፍ ነበር። ቆይቶ የኬሚስትሪ ሊቁ ማቲሰን እንዳሳየው ልዩነቱ የመጣው ከንጽሕና ጉድለት ነበር። መዳብ ውስጥ ከ10,000 አራት እጅ ፎስፈረስ ቢገባ አስተላላፊነቱ በአምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ለዓይን የማይታይ ቅልቅል ይህን ያህል ስለሚያጎድል በ1913 ዓለም አቀፍ መለኪያ ተበጀ፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት የተለዘበ ንጹሕ መዳብ 100 በመቶ ተባለ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ይመዘናል። ያ ዓመት ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት ነው፤ ሽቦ ወደ አገራችን የገባው ደግሞ በእሳቸው ዘመን ነው።

የመጀመሪያው ዘመን የመልእክት እንጂ የኃይል ዘመን አልነበረም። በ1890ዎቹ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከተዘረጉት የቴሌግራፍ መስመሮች አብዛኞቹ ዚንክ የተቀባ ብረት ነበሩ። የብረት አስተላላፊነት ከመዳብ 17 በመቶ አካባቢ ነው። ለቴሌግራፍ ግን የሚያስፈልገው ጅረት እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚባክነው ኃይል ማንንም አያስጨንቅም ነበር፤ የሚያስጨንቀው ሽቦው በረጅም ክፍተት ተወጥሮ አለመበጠሱ ነው፣ በዚህ ደግሞ ብረትን የሚያህል አልነበረም። ገና ከጅምሩ ምርጫውን የወሰነው ከአስተላላፊነት ይልቅ ጥንካሬና ዋጋ ነበር።

መብራት ሲመጣ ሚዛኑ ተገለበጠ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ቤተ መንግሥቱ በጄኔሬተር መብራት አገኘ፤ ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ቆመ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ 6 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው አባ ሳሙኤል ተገነባ። ኃይል ለማስተላለፍ ጅረቱ ትልቅ ነው፤ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ከጅረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ጅረቱ በእጥፍ ሲያድግ ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በብረት ሽቦ ይህን ማድረግ ኃይሉን በመንገድ ላይ እንደ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የመዳብ ዘመን ሆነ፤ ማመንጫው ለከተማው ቅርብ፣ ተጠቃሚውም ጥቂት ስለነበረ የመዳቡ ዋጋ ይቻል ነበር።

ቀጣዩ መታጠፊያ በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና መብራት ባለሥልጣን ሲቋቋም ጀምሮ በ1960 የቆቃ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ተጨባጭ ሆነ። ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ኃይሉም በ132 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ አዲስ አበባ መጣ። አሁን ጥያቄው የሽቦው ክብደትም ሆነ። መዳብ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.96 ግራም ሲመዝን አልሙኒየም 2.7 ግራም ብቻ ነው። አስተላላፊነቱ 61 በመቶ ቢሆንም ክብደቱ ከሦስት አንድ እጅ ስለማይሞላ፣ በኪሎ ሲሰላ አልሙኒየም መዳብን በእጥፍ ያሸንፋል። ቀላል ገመድ ማለት ጥቂት ማማ፣ ማማውም ቀጭን ማለት ነው። አንድ ድካም ነበረበት፦ ልል ነውና በራሱ ክብደት ይረግባል። መፍትሔው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተገኝቷል፤ መሐሉ ብርቱ ብረት፣ ዙሪያው የአልሙኒየም ክሮች የተጎነጎኑበት ገመድ። በዚህ ገመድ ውስጥ ብረቱ ይሸከማል፣ አልሙኒየሙ ያስተላልፋል። በ1890ዎቹ ሁለቱንም ሥራ ለብቻው ይሠራ የነበረው ብረት ተመልሶ የመጣው በአንዱ ሥራ ብቻ ነው። ተራራና ሸለቆ በሚበዛበት አገር ይህ ክፍፍል ከማንኛውም የምህንድስና ፈጠራ በላይ ባለውለታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የቁሱ ነገር ሳይለወጥ ቮልቴጁ እያደገ ሄደ። በ1973 ፊንጫ፣ በ1988 መልካ ዋከና ሲመጡ 230 ኪሎ ቮልት ተለመደ፤ በ2010 ግልገል ጊቤ 2 እና ጣና በለስ ሲገቡ 400 ኪሎ ቮልት ተዘረጋ፤ ለታላቁ የህዳሴ ግድብ ደግሞ 500 ኪሎ ቮልት ቆመ። ለምን ይህ አስፈለገ? በ2025 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሁሉ በቆቃ ዘመን 132 ኪሎ ቮልት እናምጣው ቢባል ጅረቱ ከ22,000 አምፔር ይበልጣል፤ በ500 ኪሎ ቮልት ሲሆን ወደ 6,000 ይወርዳል። ብክነቱ በጅረቱ ካሬ ስለሚለካ፣ በአንድ ዓይነት ገመድ በመንገድ የሚቀረው ሙቀት 14 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ለዚህም የአልሙኒየምን አስተላላፊነት ማሳደግ አላስፈለገም። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋውና በ2022 መገባደጃ ሥራ የጀመረው መስመር ደግሞ በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው። በዚያ ርቀት ተለዋዋጭ ጅረት የሚያመጣውን ተጨማሪ ብክነትና ጣጣ ለመሸሽ ሲባል ነው ይህ የተመረጠው።

አዲስ አበባ ላይ የዚህን ስሌት ሁለት ጫፍ ማየት ይቻላል። ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር በ750 ቮልት ነው የተዘረጋው፤ በቀጣዩ ዓመት የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን በ25,000 ቮልት ይሄዳል። አንድ ሜጋ ዋት ለማድረስ የመጀመሪያው ከ1,300 አምፔር በላይ ሲጠይቅ ሁለተኛው 40 ይበቃዋል። የከተማው ባቡር በየአጭር ርቀቱ የኃይል ማከፋፈያ የሚያስፈልገው፣ ወፍራም መዳብም የሚበላው ለዚህ ነው።

ወደ መዳብ ዋጋ ልመለስ። ከ2003 እስከ 2006 በነበሩት ዓመታት፣ በተለይ የቻይና ግንባታ ሲፋፋም፣ የመዳብ አማካይ ዋጋ ከአራት እጥፍ ጋር የተቀራረበ ጭማሪ አሳየ። በ2008 መጨረሻ ወደ 3,000 ዶላር ቢወድቅም በ2011 መጀመሪያ ከ10,000 አለፈ፤ በ2016 መጀመሪያ ከ4,500 በታች ወረደ፣ በ2021 እንደገና ከ10,000 በላይ ወጣ። ውጣ ውረዱ ብዙ ነው፤ ወደ 2002ቱ ወለል ግን አልተመለሰም። ይህ ጭማሪ የመጣው ልክ ኢትዮጵያ ገጠሩን መብራት ለማዳረስ ስትነሳ ነው። እንደ ዓለም ባንክ ግምት በ2000 መብራት ያገኘው ሕዝብ ከመቶ 13 ገደማ ነበር፤ በ2022 ወደ 55 ደርሷል። ያ ሁሉ መስመር በመዳብ ይዘርጋ ቢባል ኖሮ ወጪው የሚቻል አይሆንም ነበር። የዋጋው ንረት ሌላም መዘዝ አምጥቷል፤ መዳብ ያለበት ገመድ ሁሉ ለሌባ ዓይን ማረፊያ ሆነ፣ የሚሰረቀውም በኪሎ እየተመዘነ ይሸጣል።

አሁን ወደ ቦሌ ሚካኤል እንውረድ። ሰፈሩ ከአየር ማረፊያው ጎን ነው፤ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ግቢ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሱቅና ምግብ ቤት የያዘ ባለ ብዙ ፎቅ ሆኗል። ፎቁ አድጓል፤ ከምሰሶው የሚወርደው ሰርቪስ ገመድ ግን እንደ ፎቁ ያደገበት ቦታ ጥቂት ነው። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ገመዱ ከቤቱ መዳብ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አልሙኒየሙ ላይ ግራጫ ብናኝ፣ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይታያል፣ የተጠቀለለበት ጥቁር ቴፕ ተጨማትሮ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። ሦስት ነገሮች ተባብረው ነው እዚያ የደረሰው። አልሙኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሸፈናል። ከመዳብ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ እንደ ባትሪ ሆኖ አልሙኒየሙ ይበላል። ከዚህም በላይ ልል ስለሆነ ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ምሽት ላይ ጅረቱ ሲበዛ ይሞቃል ይለጠጣል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻ ይላላል። የላላው መያያዣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ተቃውሞው ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው፣ አንዱ ፎቅ እየበራ ሌላው የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ መጋጠሚያ፣ ከማሰር በፊት አልሙኒየሙን በብሩሽ መፋቅ፣ አየር የሚከለክል ቅባት መቀባት፣ ብሎኑን በልኩ ማጥበቅ። አንድ መቶ ብር ለማትረፍ ተብሎ በፒንሳ ተጠምዝዞ በቴፕ የሚታሰር መያያዣ ሕንፃን ያህል ነገር አደጋ ላይ ይጥላል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር ገበያው ላይ አለ፤ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሽቦ እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተብሎ የተገዛው ሽቦ ጫፉ ሲቆረጥ መሐሉ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ጥቅልሉ ከሚገባው በላይ ከቀለለ፣ ገዢው የተሸጠለት የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ እንኳ የማያስተላልፍ ነገር ነው። ይህ ማጭበርበር እሳት ያስነሳልና እንደ ተራ የንግድ ጥፋት ሊታይ አይገባም።

በዚያው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ተቃውሞ ሆን ተብሎ የተገዛበት ዕቃ አለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። በሸክላው ጀርባ በተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ የሚተኛው ሬዚስታንስ ከኒኬልና ከክሮም ቅይጥ የሚሠራ ነው። በቅይጥ ውስጥ የሁለት ብረት አቶሞች ያለ ሥርዓት ስለሚደባለቁ ኤሌክትሮን በየእርምጃው ይደናቀፋል፤ ተቃውሞው ከመዳብ 65 ጊዜ ያህል ይበልጣል። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ የሽቦውም ተቃውሞ 14 ኦም ያህል ነው። በዚያው ውፍረትና ርዝመት መዳብ ቢገባበት ሩብ ኦም እንኳ አይሞላም፤ ምጣዱ ሳይግል ብሬከሩ ይወርዳል። ሸክላው በበኩሉ ነጻ ኤሌክትሮን የለውም፤ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ጅረቱን ይከለክላል። እንጀራ ጋጋሪዋን የሚጠብቃት ይህ የሸክላ ጠባይ ነው፤ ሸክላው ተሰንጥቆ የሊጥ ውኃ ወደ ሬዚስታንሱ ሲሰርግ የሚነዝረውም ስለዚህ ነው።

ምሰሶው ላይ ሽቦውን የሚይዘው ሲኒም (ኢንሱሌተር) የሸክላ ዘመድ ነው፤ እንዲያስተላልፍ ሳይሆን እንዳያስተላልፍ የተሰቀለ። በበጋ ወራት አቧራና የመኪና ጭስ ይለብሰዋል፣ ደረቅ ሆኖ ሳለ ግን ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ በአቧራው ውስጥ ያለው ጨው ይሟሟል፤ በእርጥብ ነገር ውስጥ ደግሞ ጅረት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ሳይሆኑ ራሳቸው የጨው አየኖች ናቸው። ሲኒው ላይ ቀጭን የጅረት መንገድ ይከፈታል፣ ብልጭታ ይከተላል፣ መስመሩ ይቋረጣል። በክረምት መግቢያ ጥቂት ጠብታ ወርዶ ሰፈሩ የሚጨልመው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ ጠንከር ያለ ዝናብ ሲመጣ ግን አቧራውን አጥቦ ነገሩን ያቀለዋል።

ከብረታ ብረት ውጭ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ አገራችን ግን ድርሻ አላት። በ1977 ተመራማሪዎቹ ሄገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ አንድ ፕላስቲክ አዮዲን ሲጨመርበት አስተላላፊነቱ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚያድግ አሳዩ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። መዳብ ላይ ባዕድ ነገር ጉዳት ነበር፤ እዚህ ግን ኤሌክትሮኖቹ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ባዕዱ አቶም ተሸካሚ ይፈጥራል፣ በሲሊከንም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እነ ወንድምአገኝ ማሞና ተክቴል ዮሐንስ ለብዙ ዓመታት በእነዚህ ፖሊመሮችና ከእነሱ በሚሠሩ የፀሐይ ሴሎች ላይ ተመራምረዋል፤ ወንድምአገኝ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር አዳዲስ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። በመልእክት መስመሩ በኩል ደግሞ በ1890ዎቹ በብረት የተጀመረው፣ በመዳብ ጥንድ የቀጠለው፣ ዛሬ በብርሃን ወደሚሠራ የመስታወት ክር ተሸጋግሯል፤ ኤሌክትሪክ በፍጹም ወደማያስተላልፍ ቁስ ማለት ነው።

የሚቀጥለው ፈተና ግን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያ ነው የሚመጣው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቦሌ አካባቢ ማታ ማታ ቻርጅ የሚደረጉ መኪኖች በዝተዋል። 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፣ ምጣዱ 16 ይጨምራል፤ በድምሩ 48። ሠላሳ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ካሬ የአልሙኒየም ሰርቪስ ገመድ ደርሶ መልስ 0.1 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ምጣዱ ብቻውን ሲሠራ በገመዱ ላይ የሚቀረው 27 ዋት ያህል ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ወደ 245 ዋት ይደርሳል። ገመዱ በሠላሳ ሜትር ላይ ስለሚበትነው ይህን ይችለዋል። የላላው መያያዣ ግን ተመሳሳይ ጅረት በአንዲት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ይቀበላል፤ እዚያ ያለው ተቃውሞ 0.05 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 115 ዋት በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ ፕላስቲክ ለማቅለጥም ይበቃል። ቻርጀር የሚያስገባ ባለቤት ስለዚህ ከቻርጀሩ ዋጋ በፊት ያንን መያያዣ በሙቀት ካሜራ ወይም ቢያንስ በሠለጠነ ሠራተኛ ዓይን ያስመርምር፤ ጭነት መጨመሩንም ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አስታውቆ ሰርቪስ ገመዱን በልኩ ያስቀይር።